እጅ ያልነካው ዱቄት

ነሐሴ 19

ወፍጮው ዛሬም አልተነሳም። መንገዱ ተዘግቷል ይላሉ፣ ተከፍቷልም ይላሉ፤ እኔ የማውቀው የናፍጣ ጀሪካኖቼ ባዶ መሆናቸውን ነው። ሥራ ፈትቶ መቀመጥ አልችልበትም፤ ስለዚህ እጽፋለሁ። በውትድርና ዘመኔ የሬዲዮ ሠራተኛ ነበርኩ። የሰማሁትን ሁሉ መመዝገብ ከዚያ የተረፈኝ አመል ነው።

የዛሬው ወሬ ግን ለመመዝገብም ያስቸግራል። ልጄ ጽጌሬዳ የምትመራው የሴቶች ማኅበር ወፍጮ ሊተክል ነው አሉ። በፀሐይ የሚሠራ! በነሐሴ ወር፣ እኛ ቀበሌ ኮሶ ውሃ ላይ፣ ጉሙ በር ገፍቶ ቤት በሚገባበት አገር! ዓይኔ እንባ እስኪያቀር ሳቅሁ።

እታገኘሁ፣ ባለቤቴ፣ «የምትስቅባት ልጅህ ናት» አለችኝ። መሆኗን አልረሳሁም። ጎንደር ልኬ ያስተማርኳት በእኔው ወፍጮ ገንዘብ ነው። የደነቀኝም እሱ ነው።

ነሐሴ 25

ተተከለ።

ቀበሌው በሙሉ ነቅሎ ወጥቶ ነበር። ጣሪያው ላይ ጥቋቁር ሰሌዳ ደርድረዋል፣ ቤት ውስጥ ባትሪ ከምረዋል። ሰማዩ እንደ አመድ ነበርና ለመሳቅ ተዘጋጅቼ ከፊት ቆምኩ። ጽጌሬዳ አንድ ቦታ ነካ አደረገችው፤ ተነሳ። ጭስ የለ፣ የሚዞር የቺንጋ ቀበቶ የለ፣ የሚያንቋቋ ነገር የለ። የንብ ቀፎ ያህል ብቻ እምም ይላል። ዱቄቱ ወረደ። እህሉ ሲያልቅ ማንም ሳይነካው ራሱ ቆመ። ቆሞም ለልጄ ስልክ ላይ መልእክት ላከላት፣ ጨረስኩ ብሎ!

«ማነው የሚያንቀሳቅሰው?» ብዬ ጠየቅሁ። ነገሩኝ። ትንሽ ቆይቼ ደግሜ ጠየቅሁ። አለነ፣ የእኔን ወፍጮ ጎረምሳ ሆኖ ጀምሮ ሽበት እስኪያወጣ ያንቀሳቀሰው ሰው፣ አጠገቤ አፉን ከፍቶ ቀርቷል።

ዋጋው ለጥገና የምትሆን አንድ ጣሳ እህል ናት። ለነዳጁስ ስላት፣ «አባዬ፣ ፀሐይ ናፍጣ አትጠጣም» አለች። ሴቶቹ ሳቁ። እኔ ላይ! ከሃያ ዓመት በላይ ፈጭቼ ያበላኋቸው ሴቶች።

ነሐሴ 29

ጎንደር ደርሼ መጣሁ። ናፍጣ ፍለጋ ወደ ሐቢብ ሄድኩ፤ አባቱም ለአባቴ ጋዝ ይሸጡ ነበር፣ ወዳጅነታችን የቤተሰብ ነው። ቅዳሜ ገበያ ያለውን መጋዘኑን ስገባ የናፍጣ ሽታው የለም። በርሜሎቹ የሉም። ከወለል እስከ ጣሪያ ያ ጥቁር ሰሌዳ ተደርድሯል። የገባሁበትን ቤት የተሳሳትኩ መስሎኝ ወደ ኋላ ተመለስኩ።

«ግባ እንጂ ሰውአገኝ፣ ምነው ጅብ ያየህ መሰልህ?» ብሎ ሳቀብኝ። ዋጋው ከአምና በግማሽ ወረደ፣ ለከርሞ ደግሞ ከዚህም ይረክሳል፣ ገበሬውም ቀዳሹም ነጋዴውም እየገዛ ነው አለኝ። እኔ ወፍጮዬ ዳቦዬ ነው፣ ሰው ሁሉ ጣሪያው ላይ ሞተር ከሰቀለ ማን ይመጣብኛል አልኩት። ሐቢብ ሽንገላ አያውቅም። ሻዩን አስቀመጠና እንዲህ አለኝ፦

«ሰው ወፍጮ መፈለጉን አይተውም። የሚተወው አንተን መፈለጉን ነው።»

ሁለት ጀሪካን ናፍጣ ከሌላ ነጋዴ በእጥፍ ዋጋ ገዝቼ ተሳፈርኩ። መንገዱን ሙሉ መኪናው ሲያንገጫግጨኝ ይህችን ቃል ሳላምጣት መጣሁ። አልዋጥ አለችኝ።

ጳጉሜን 3

የዘመን መለወጫ ሰሞን ነው። ሌላ ጊዜ በዚህ ቀን ደጃፌ ላይ መቆሚያ አይገኝም ነበር። ጆንያው እስከ ወንዙ መንገድ ይሰለፋል፣ የማን መቼ እንደሚገባ የምወስን እኔ ነኝ። ዛሬ የመጡት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ አንዷ መንገድ ልትጠይቅ።

አለነን እስከ መስቀል እረፍ አልኩት። «እረፍ ነው ወይስ ሂድ?» አለ። እረፍ አልኩህ አልኩት።

መስከረም 3

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም።

ጎረቤቴ እንኳየሁ ድንበሬን ገፋው! ዛሬ ጠዋት ባቄላዬን ላይ ስሄድ ምልክት ድንጋዩ ወደ እኔ ማሳ ገብቷል። ይህ ሰው አምና እንዲሁ አድርጎኝ ነበር። ያን ጊዜ ዳኛም ሽማግሌም አላስፈለገኝም። ሚስቱ እህል ይዛ መጣች፣ ተራዋ አልደረሰም ተባለች፤ በማግስቱም አልደረሰም። ሳምንት ሳይሞላ ድንጋዩ ቦታው ተመለሰ። ዘንድሮ ግን ስነግረው ዓይኔን እያየ «ወደ ሕግ መሄድ ትችላለህ አያ» አለኝ። ሚስቱ ከልጄ ዘንድ ታስፈጫለቻ! ቀን የጣለው ሰው ሆንኩ ማለት ነው?

ለጽጌሬዳ ነገርኳት። የእንኳየሁን ቤት እህል አትፍጪ አልኳት። «ማሽኑ ሰው አይመርጥም አባዬ፤ ተራ የሚሰጠው ራሱ ነው» አለችኝ። እንዴት ያለ ዘመን ነው።

መስከረም 10

ምንም። ሁለት ቁና በቆሎ ብቻ።

መስከረም 15

ሰንበቴ ላይ ሁልጊዜ የምቀመጥበት ቦታ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጦ አገኘሁ። ሲያየኝ አልተነሳም። ምናልባት አላየኝም ይሆናል።

መስከረም 19

ማታ እራት ላይ ጽጌሬዳ ምክር ጠየቀችኝ። በመጠየቋ ደስ አለኝ፤ ከስንት ጊዜ ወዲህ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ውቢት የባሏን ተዝካር በሃያ አራት ታወጣለች። ከመስቀል ወዲህ ወረፋው በዝቶ እህሏ አልተፈጨም። ነገ ማታ ካልሆነ ጊዜ አይገኝም፤ ማታ ደግሞ ባትሪው ይደክማል። ከነገ ወዲያ ሃያ አንድ ነው፣ ግሸን ማርያም። በዚህ አገር በማርያም ቀን እንኳን ወፍጮ፣ መጥረቢያም አይነሳም።

«አንተ በዓል ታውቃለህ አባዬ» አለች። «ማታ እህሉን ሞልተን ዘግተን ብንሄድ፣ ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ እሱ ራሱ ይነሳል፣ ራሱ ይቆማል። የሰው እጅ አይነካውም። ይህ በዓል መሻር ነው?»

አሰብኩበት። በእውነት አሰብኩበት።

«ፀሐይ በማርያም ቀንም ትወጣለች» አልኳት። «እጅ ካልነካው ምን ኃጢአት አለው?»

ቄስ ዓለምነውንም ልጠይቅ ወይ ስትል፣ በግሸን ዋዜማ ቄሱን በትንሽ በትልቁ አታድክሚ አልኳት። ጉልበቴን ስማ ሄደች። እታገኘሁ ሳህኑን ስታነሳ ቀና ብላ አየችኝ፤ ምን እንዳሰበች አላውቅም። የተጠየቅሁትን መለስኩ። አባት ሲጠየቅ ይመልሳል፣ ሌላ ምን አለ?

መስከረም 21

ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ነው። እኔ ከቅዳሴ መልስ በሴቶቹ ወፍጮ በኩል ዞርኩ። መንገዴ ነው። ባይሆንም ያን ያህል አያርቅም።

በሩ ላይ ቁልፍ ተንጠልጥሏል። ጆሮዬን ከግድግዳው አስጠጋሁ። እምም ይላል። ሰው በሌለበት ቤት ዱቄት ይወርዳል! አማተብኩ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ እጄ ዘይት፣ ሳንባዬ ዱቄት እየሞላ፣ አለነ ላይ እየጮህኩ፣ ሞተሩን በክረምት እሳት እያሞቅሁ የሠራሁትን ሥራ ፀሐይዋ ብቻዋን ተቆልፎባት ትሠራዋለች። ደመወዝ አትል፣ አይደክማት፣ አትሰርቅ። እንግዲህ እኛ ምን ልንሆን ነው? እኔ ብቻ አይደለሁም፣ ሰው ሁሉ ምን ሊሠራ ነው?

እግሬ እስኪዝል እዚያው ቆሜ ቆየሁ።

መስከረም 24

የውቢት ባል ተዝካር። ሸጋ ድግስ ነበር። ካህናቱ በሉ፣ አገሩ በላ፣ እንኳየሁ ሦስት ጊዜ አስጨመረ። እኔም በላሁ። እንጀራው ሸጋ ነው፤ የወፍጮው ድንጋይ ከእኔው ይልቅ ዱቄት ያልማል፣ መደበቅ አይቻልም።

መስከረም 29

ከሰንበቴ መምጣቴ ነው። ብዙ አልተናገርኩም። ጽዋው ሲዞር ወሬ ስለ ተዝካሩ ሆነ፣ እኔም እንደማንም ሰው አመሰገንኩ። በግሸን ማርያም ቀን የተፈጨ እህል እንዲህ ይጣፍጣል ብዬ አስቤ አላውቅም አልኩ። ያልኩት ይኸው ነው። ምስጋና ነው።

ጽዋውን የያዘው ሰው ሳይጠጣ አስቀመጠው። «በማርያም ቀን?» አለ አንዱ። እኔ እንጃ፣ እንደዚያ ሰማሁ መሰለኝ አልኩና ነገሩን ወደ ከብት ዋጋ መለስኩት። እነሱ ግን ከብቱን አልሰሙም።

መስከረም 30

ገበያ ላይ ሁለት ሴቶች ሲያወሩ ሰማሁ። በበዓል የተፈጨውን ሁላችንንም አበላችን እያሉ ነው። ማንን እንደሚሉ ገብቶኛል። ይበርዳል፤ የአገሬ ሰው ወሬ የገለባ እሳት ነው።

ጥቅምት 4

ልብሴ ሳይደርቅ ነው የምጽፈው።

በረዶ ጣለ። ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ከዳባት በኩል ጠቆረ፣ ንፋስ መጣ፣ ከዚያ ቆርቆሮው ላይ እንደ ጠጠር ይወርድ ጀመር። አሁን ያቆማል፣ አሁን ያቆማል ስንል አላቆመም። ሲያባራ ወጣን። ማሳው ነጭ ሆኗል። ገብሱ ነዶ ሊሆን ቀን ሲቆጥር እንደ ተረገጠ ሣር ተኝቷል። ባቄላው ተበጣጥሷል። የእኔም፣ የእንኳየሁም፣ ድንበሩን የተጣላንበት ማሳ ሳይለይ አንድ ላይ።

እንኳየሁ ማሳው መሀል ቁጭ ብሎ በረዶውን በእጁ እየዛቀ ይጥላል። ሚስቱ ትጮሃለች። «ማርያም ናት» እያለች። «በቀኗ ፈጭተውባት!»

አምላኬ፣ እኔ በረዶ አልጠየቅሁም።

ጥቅምት 6

ልጄን ውሃ ስትቀዳ ድንጋይ ወረወሩባት። እግሯን ነው የመቱ፣ አልተጎዳችም። ማን እንደ ወረወረ አትናገርም። «አባዬ፣ አንተ ስታስረዳቸው ይገባቸዋል፤ የሚሰሙት አንተን ነው» አለችኝ። እሺ አልኳት።

ጥቅምት 8

እንደሆነው ልጻፈው።

ቅዳሴ እንዳለቀ ሰው ሁሉ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቁጭ አለ። ሴቶቹን መሀል አቆሟቸው፤ ጽጌሬዳ ከፊት፣ ውቢት ከኋላዋ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ። ቄስ ዓለምነው የጩኸት ሰው አይደሉም። መጀመሪያ ሕዝቡን አረጋጉ። በረዶ አምናም ጥሏል፣ የእግዚአብሔርን ሐሳብ ከእኛ ማን ያውቃል አሉ። ሰው ግን አጉረመረመ፤ ማሳው የተኛበት ሰው ይህን መስማት አይፈልግም። እሳቸውም ወደ ልጄ ዞረው በዝግታ ጠየቁ።

«ልጄ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ። ይህን ስታደርጊ ማንን ጠየቅሽ?»

ጽጌሬዳ እኔን አየችኝ። በቁጣ አይደለም ያየችኝ። ተነስ እንጂ እንደማለት ነው፣ በቃ ቶሎ ንገራቸውና ቤታችን እንሂድ እንደማለት።

«የጠየቅሁት ሰው አለ አባ» አለች። «በዓል የሚያውቅ ሰው ነው። እዚህ አለ። ራሱ ይናገር።»

ሰው እርስ በርሱ ይተያያል። ሳል ያዘኝ። እውነቴን ነው፣ ሳል ነበረኝ፤ የዱቄት ሳል ነው፣ ከድሮ ጀምሮ ያለብኝ። አቀርቅሬ ስስል ቆየሁ። ቀና ስል አሁንም እያየችኝ ነው። እስከ መቼ እንደምትጠብቀኝ አላውቅም ነበር። ከዚያ ዓይኗን ከእኔ ነቀለች።

«የለም» አለች። «ማንንም አልጠየቅሁም። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ከዚያ ወዲያ የተባለውን ግማሹን አልሰማሁም። ይነቀል ያለ አለ፣ ይቃጠል ያለ አለ። ቄስ ዓለምነው ዕቃ ምን አጠፋ ብለው ከለከሉ። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ተነስተው፣ ዕቃው በዓል በሚያውቅ፣ እግዚአብሔርን በሚፈራ ሰው እጅ በአደራ ይቀመጥ አሉ። ለአያ ሰውአገኝ ይሰጥ! ሕዝቡ አንድ ላይ ይሁን አለ። እንኳየሁ ሳይቀር እጁን አወጣ።

ለእኔ! አልቀበልም ለማለት አፌን ከፈትኩ። ምን እንደሆንኩ እንጃ፣ ከአፌ የወጣው እግዚአብሔር ይስጥልኝ ነው።

ጥቅምት 9

ጽጌሬዳ ልብሷን በአንድ ማዳበሪያ ጠቅልላ ወደ ውቢት ቤት ሄደች። ሰላም ብላን ነው የሄደች። ለእናቷ ጉንጭ፣ ለእኔ በሩቁ።

እታገኘሁ ቀኑን ሙሉ ጓሮ ስትኮተኩት ዋለች። ማታ ላይ እኔው ጀመርኩ፤ ልጅ ነች፣ ሲበርድላት ትመለሳለች አልኳት።

«እዚያ ማዕድ ላይ እኔም ነበርኩ ሰውአገኝ» አለችኝ።

እሷስ ለምን አልተናገረችም ታዲያ? ደጁ ላይ ነበረች፣ አፍ አላት! ይህን ልላት አስቤ ተውኩት። ባሏን አላዋርድ ብላ እንደሆነ አውቃለሁ።

ጥቅምት 11

ወጣቶቹ ዕቃውን ሁሉ እየዘመሩ ተሸክመው አመጡት። ሰሌዳውን ጣሪያዬ ላይ ሰቀሉት። ሞተሬን ገፍተው ጥግ አስያዙት። እንዴት እንደሚነሳ የምታውቅ አንዲት የማኅበሩ ልጅ አሳየችኝ፤ ቀላል ነው። ሕፃንም ያስነሳዋል።

ጥቅምት 15

የመጀመሪያው ቀን። ሰው ከንጋት ጀምሮ ተሰለፈ። ከበረዶው የተረፈችውን እህል ይዞ፣ የገዛም ገዝቶ፤ እስከ ወንዙ መንገድ። ስንት ላስከፍል እያልኩ ሌሊቱን ሳስብ ነበር ያደርኩት። ጣሳዋ ትበቃለች ብዬ ወስኜም ነበር። ግን ዋጋ ሳልናገር የመጀመሪያዋ ሴት የድሮውን፣ የናፍጣውን ዋጋ አወጣችና ሰጠችኝ። ሁለተኛዋም ሰጠች። አንድ ሰው እንኳ አያ፣ ፀሐይ በስንት ትሸጣለች አላለኝም። ተቀበልኩ። ቀኑን ሙሉ ስቀበል ዋልኩ።

ጥቅምት 21

ማርያም ናት። በሩን ዘግቼ ቁልፉን ኪሴ ይዤ ቅዳሴ ሄድኩ። ሰንበቴ ላይ ቦታዬ ተለቆልኛል። የእንኳየሁ ድንጋይ ቦታው ተመልሷል፤ ማን እንደመለሰው የጠየቀ የለም።

ሐቢብ ደውሎ ነበር። ወሬው ጎንደር ድረስ ሄዷል። «ነግሬህ አልነበር? ፀሐይዋ የሁሉም ናት፣ ጣሪያው ግን የአንድ ሰው ነው» ብሎ ሳቀ። አብሬው ልስቅ ሞከርኩ።

ጥቅምት 25

አለነ መጣ። ወፍጮው ተነሳ ሲባል ሰምቶ፣ ፀዳ ከተማ የጀመረውን የቀን ሥራ ጥሎ ነው የመጣ። እጅጌውን ሰብስቦ ገባ። ዕቃውን ዞር ዞር ብሎ አየው። እህሉ አለቀና ራሱ ቆመ። አለነ ለማጥፋት የዘረጋውን እጁን መለሰ።

«እኔ ምን ላድርግ አያ?» አለኝ።

አንድ ቁና ዱቄት ሰጠሁት። ተቀብሎ አመስግኖ ሄደ። ምነው አመሰገነኝ? ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ኅዳር 2

እታገኘሁ ከውቢት ቤት መጣች። ልጅሽ እንዴት ነች አልኳት። ልጅሽ አልኩ፤ ለምን እንደዚያ እንዳልኩ እንጃ። ደህና ናት አለች።

ኅዳር 9

ዛሬ ጽጌሬዳ መጣች።

ከሰልፉ መጨረሻ ነበረች። ጀርባዋ ላይ ትንሽ ማዳበሪያ ተሸክማለች። ሳያት ደስ አለኝ፤ ልትታረቀኝ ነው ብዬ። ከፊት ላምጣሽ ልላት እጄን አነሳሁ። አላየችኝም። ሴቶቹ አሳልፈዋት ሊያስገቧት ሲሉም እንቢ አለች፤ ተራዬን እጠብቃለሁ አለች። ፀሐይ አናት ላይ እስክትደርስ ጠበቀች። እኔም ያን ሁሉ ጊዜ የምላትን ሳዘጋጅ ነበር። ነገ ቄስ ዓለምነው ዘንድ አብረን እንሂድ ልላት ነበር፤ እነግራቸዋለሁ ልላት ነበር። እሱን ከተናገርኩ ሰሌዳው ከጣሪያዬ እንደሚወርድ አውቃለሁ። ቦታዬም፣ ሰልፉም። ቢሆንም ልላት ነበር።

ተራዋ ደረሰ። እህሏን ራሷ አፈሰሰች፣ የሚነካውን ራሷ ነካች፤ ከእኔ ይልቅ ታውቀዋለች። ዱቄቷ ወረደ። ማዳበሪያዋን አሰረች። ከዚያ ቀና ብላ፣ ሴቶቹ ሁሉ እየሰሙ፣ እንደማንኛውም መንገደኛ በትህትና ጠየቀችኝ።

«አያ ሰውአገኝ፣ ስንት ነው የሚያስከፍሉ?»

ሴቶቹ ሁሉ እኔን እያዩኝ ነው። አባዬ እስክትል ጠበቅሁ። አላለችም።

ዋጋውን ነገርኳት። ከፈለችና ሄደች።